ጎበዝ የተባልኩበት በሽታ

ወንድ ልጅ ምግብ ሲቀንስ ምክንያት የሚፈልግለት ሰው አያጣም። ጂም ከጀመረ «ቆራጥ ነው» ይባላል። ከጾመ «ወደ ፈጣሪው ተመለሰ»፣ ከከሳ ደግሞ «ሐሳብ ገብቶት ነው» ወይም «ጨጓራ ይዞት ነው»። የአመጋገብ ሥርዓት መዛባት ይዞት ይሆን ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም፤ እሱ የሴቶች፣ ያውም የፈረንጅ ሞዴሎች ጣጣ ነው ተብሎ ታልፏል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቆርቆሮ ስቆጥር፣ ሲሚንቶ ሳስጭን የምውል ሰው ነኝ። ቡሊሚያ የሚባል፣ ሰው ራሱን መግታት አቅቶት በብዛት በልቶ የበላውን መልሶ ለማጥፋት የሚታገልበት ሕመም እንዳለብኝ እስኪነገረኝ ድረስ ዓመታት ሄደዋል። በእነዚያ ዓመታት አብዝቼ የሰማሁት ነገር ቢኖር ሙገሳ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ኪሎዬ ስንት እንደነበረ፣ በቀን ምን ያህል እበላ እንደነበረ፣ የበላሁትንም እንዴት አስወጣ እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። ሕመሙ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያገኝ የሚያነበው ሊወዳደርበት ነው። እኔ ራሴ እንደዚያ ነበር የማነበው።

ነገሩ የጀመረው በቦርጭ ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ሆኜ ሱፍ ስንለካ የእኔ ሱሪ ብቻ አልቆለፍ አለ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ብዙም ሳልቆይ ጂም ተመዘገብኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፉ ነገር የለበትም፤ ቦርጭ መቀነስ በሽታ አይደለም። ኪሎዬ ሲወርድ አሠልጣኙ አዲስ ለሚመጡት ልጆች «እሱን እዩ» ይል ጀመር። ሱቅ የሚመጡ ደንበኞች «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ወጣት የሆንከው?» ይሉኛል። «ኧረ ልጄ፣ ፊትህ አለቀ» ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁሉም ሰው የከሳ ነው የሚመስላት።

ግቤ ያልኩት ኪሎ ላይ ስደርስ ደስታው ብዙ አልቆየም። ግቡ ዝቅ አለ፣ ከዚያም ደግሞ ዝቅ አለ። ቤት ሚዛን ስላልነበረኝ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች ደንበኛ ሆንኩ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አንዱ ጋ፣ ማታ ስመለስ ሌላው ጋ። አንድ ማታ ከሚዛኑ ወርጄ ብሩን ስዘረጋለት ልጁ ሳይቀበለኝ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ጠዋት ወንድሜ ጋ ተመዝነህ የለ እንዴ? በአንድ ቀን ምን ይለወጣል ብለህ ነው?» አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ የማያውቁኝ ልጆች ፍለጋ ሌላ ሰፈር ድረስ እሄድ ነበር። ያ ልጅ ያየውን ግን በኋላ የመረመሩኝ ብዙዎቹ አላዩትም።

ከሁሉ በፊት ለቤተሰብና ለጓደኛ የምናገረው ይኼን ነው፤ ቅጥነቱን አትመልከቱ። ቡሊሚያ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ወፍራምም ሊሆን ይችላል። የሚታየው ያወጣው ሕግ ሲፈርስበት የሚሆነው ነው። መብራት ጠፍቶ ጂም ቢዘጋ፣ ሳይታሰብ ምሳ ቢጋበዝ፣ የሰው እጅ ጉርሻ ይዞ ቢዘረጋበት ምን ይሆናል? ጤነኛ ሰው ያማርርና ይረሳዋል። እኔ ቀኑ ሙሉ ይበላሽብኝ ነበር።

አንድ ዓመት ለፊቼ ጫምባላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጎረቤታችን ጠሩን። ቡርሳሜው በሸክላ ገበታ ቀረበ፤ ከእንሰት የተሠራው ገንፎ በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። እማማ በእጃቸው ጠቅልለው «ልጄ፣ የበዓል ጉርሻ አይመለስም» አሉኝ። ጎረስኩ። ሌላ ጨመሩልኝ። ፊቴ እየሳቀ ጆሮዬ ይጮሃል፤ ልቤ ሌባ እንዳባረረው ሰው ይመታል። ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁና በበዓል ልብሴ፣ በቆዳ ጫማ፣ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል ሮጥኩ፤ እግሬ እስኪላጥ ድረስ ተመላለስኩ። ያየኝ ሰው «ስፖርተኛ!» አለኝ።

የእኛ አገር ገበታ ደግሞ ይኼን ሕመም ለመሸሸግ የተመቸ ነው። አንድ ትሪ ላይ አምስት ሰው ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? እጄ ከትሪው አይነሣም፣ ወሬውን የምመራውም እኔ ነኝ። ለሌላው ማጉረስ ደግሞ የእኔን ያህል የሚያበዛ አልነበረም። ለጋስ ነው እባል ነበር። ቤታችሁ ውስጥ ሁሉንም የሚያጎርስ፣ የራሱ አፍ ግን የማይንቀሳቀስ ሰው ካለ አንድ ሁለት ቀን ልብ ብላችሁ እዩት።

ጾምም እንዲሁ ነው። ይኼን ስጽፍ ጾምን መንቀፌ እንዳይመስላችሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጾም ሰው ነኝ። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት እየተባለ «አልበላም» ማለት ማብራሪያ የማይጠየቅባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን እስከ ማታ አራዘምኩት፤ ዘይት ተውኩ፤ ሌላው ሰው የማይጾመውንም ጨመርኩ። ልዩነቱ የገባኝ በፋሲካ ሌሊት ነው። የሚጾም ሰው ፍስክን ይናፍቃል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል። እኔ ዶሮው ሲቀርብ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር፤ ጾሙ በመፈታቱ አዘንኩ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አላስጨነቁኝም፤ «ልጄ፣ ጾም የታዘዘው ለጤነኛ ነው። አንተ ምግብህን እንደ መድኃኒት በሰዓቱ ውሰድ» አሉኝ። ሙስሊም የሆነ ወንድሜም ይኼን ቢያነብ፣ ለታመመ ሰው ረመዳንን እንዲያፈጥር በቁርኣን የተፈቀደ መሆኑን ያውቀዋል። የሃይማኖት አባት ማማከር ከሐኪሙ ሥራ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ለእኔ ሸክሙን ያቀለለው እሱ ነው።

ቀን ቀን እንዲህ ጠንካራ የሆነው ሰው ሌሊት ሌላ ሰው ነበር። ቤቱ ሲተኛ ተነሥቼ ማድ ቤት ጨለማ ውስጥ ቆሜ የቀዘቀዘ ፍርፍር ከድስቱ በእጄ እዝቃለሁ። ጣዕሙ አይታወቀኝም፤ ሆዴ እስኪያመኝ አላቆምም። ከዚያ የሚመጣውን ጸጸትና እሱን ለማጥፋት የማደርገውን አልዘረዝርም። ሲነጋ ቅጣቱ ይጨምራል፣ ቅጣቱ ረሃብን ይጨምራል፣ ረሃቡ ሌሊቱን ይጠራል። እኔ ግን ይኼን ሁሉ «ሆዳም ስለሆንኩ ነው» ብዬ ነበር የማስረዳው።

ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀርቼ አይደለም። ድካም፣ ማዞር፣ የሆድ ድርቀት፣ ቃር እያልኩ በተመላለስኩባቸው ክሊኒኮች የኤች አይ ቪ ምርመራ ተደረገልኝ፣ አክታ ሰጠሁ፣ ሰገራ ሰጠሁ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ታዘዘልኝ፣ ግሉኮስም ተተከለልኝ። አልፈርድባቸውም፤ የከሳ ወንድ ሲመጣ ቲቢና ኤች አይ ቪ ማሰብ ትክክል ነው። ግን አንድም ሰው ስለ ምግብ አልጠየቀኝም፤ «የምግብ ፍላጎትህ እንዴት ነው?» የሚለው ካርዱ ላይ የሚሞላ ጥያቄ ነው፣ እኔም «ደህና ነው» እል ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ ፍላጎቱማ ቀንና ሌሊት ነበረብኝ።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ ላነሣ ስጎነበስ እግሬ ተኮማተረ፣ ልቤ እየዘለለ ይመታ ጀመር፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የወሰዱኝ ቦታ የነበረው ወጣት ሐኪም እጄን ይዞ ጣቶቼ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ፤ ከጆሮዬ ሥር ያበጠውን ዳሰሰ፤ አፌን አስከፍቶ ጥርሴን ተመለከተ። አብረውኝ የመጡትን ከክፍሉ አስወጣና ቀስ ብሎ «ምግብ ከበላህ በኋላ ምን ይሰማሃል?» አለኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በጣም ወርዶብኝ ነበር። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ፖታሲየሙ ይወርዳል፤ ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል፤ ክብደቱ ደህና የሆነ ሰው ሳይታሰብ የሚሞተው በዚህ ነው። ጥርሱም እንደዚያው በሆድ አሲድ ይበላል። ሐኪሙ እግረ መንገዱን ካስመለስኩ በኋላ ጥርሴን ወዲያው እንዳልቦርሽ፣ በውኃ ብቻ እንድጉመጠመጥ ነገረኝ፤ አሲድ የነካው ጥርስ ሲቦረሽ ይባስ ይፋቃል።

ከዚያ ሪፈራል ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተላክሁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ተራ ስጠብቅ ከእኛ ሱቅ ሚስማር የሚወስድ ደንበኛ ልጁን ይዞ መጣ። ሁለታችንም ለሌላ ጉዳይ የመጣን መስለን ስለ ብረት ዋጋ አወራን። አሁን ሱቅ ሲመጣ ዋጋ ብዙ አይከራከረኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋን መጀመሪያ የጠየቅኳት «ይሄ የሴት በሽታ አይደል እንዴ?» ብዬ ነው። አልሳቀችብኝም። ሪቻርድ ሞርተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1689 ዛሬ አኖሬክሲያ የሚባለውን፣ ሰው ራሱን የሚያስርብበትን ሕመም ሲገልጽ ካቀረባቸው ሁለት ታማሚዎች አንዱ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ እንደነበረ ነገረችኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መስፈርት ግን እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአኖሬክሲያ መለያዎች አንዱ አድርጎ የሚያስቀምጠው በሴቶች ላይ የወር አበባ መቋረጥን ነበር። ሲጻፍ ማን ታስቦ እንደተጻፈ ከዚህ ይታወቃል። ወንዱም የራሱ ምልክት አለው፤ የማይታወቀው ስለማይናገረው ነው። ሰውነት ሲራብ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይወርዳል፣ የወሲብ ፍላጎት ይጠፋል። ለእኔ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ ጓደኞቼ ሲያወሩ ዝም ብዬ እስቃለሁ።

በጣም የረዳኝ ግን ባለሙያዋ የነገረችኝ በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገው ጥናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶ አቆያቸው፤ በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነው። ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ፣ በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተጣርቶ የተመረጡ ነበሩ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ፣ ሳህን ይልሱ ነበር፣ በበጋ በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ስለ ሴት ማሰብ ተዉ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከነሱ ውስጥ ሆዳቸው ሞልቶም አልጠግብ ያላቸው ነበሩ።

ይህን ስትነግረኝ ስለኔ የምታወራ መሰለኝ። ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ጃኬት የምለብሰው እኔ ነበርኩ። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የዶሮ ወጥ አሠራር እያየሁ፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ እየጠበቅኩ አመሽ ነበር። ለእህቴ ዓሣ ጉላሽ እሠራና አልጨረሽም ብዬ እቆጣታለሁ፤ እኔ አልቀምሰውም። ጤነኛ ወንዶችን ብታስርባቸው እንዲህ የሚሆኑ ከሆነ የሌሊቱ ነገር የባሕርዬ ክፋት አልነበረም፤ ሰውነቴ የሚገባውን እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ሕክምናው «ሌሊት ራስህን ግታ» የሚል አልነበረም፤ «ቀን ብላ» የሚል ነው።

ይኼ ለመስማት ቀላል፣ ለማድረግ ግን ከሲሚንቶ የከበደ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሃሉ መክሰስ፤ በሁለት ምግብ መካከል ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አይለፍ፤ ራበኝ አልራበኝ የሚባል ነገር የለም፣ ሰዓት ነው የሚታየው። የበላሁትን፣ የት እንደበላሁ፣ ምን እንደተሰማኝ በደብተር እጽፋለሁ፤ ኪሎ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ እሱም እዚያው ክፍል። ፍሉኦክሰቲንም ታዘዘልኝ፤ ቡሊሚያ ላይ የሚሠራ መሆኑ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው፣ ግን ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚጀመር አይደለም። ጂም ለጊዜው ተከለከልኩ። እውነቱን ለመናገር ከመድኃኒቱ ይልቅ ያንን ነው የፈራሁት።

መጀመሪያ ሰሞን ሰውነቴ አበጠ፣ ሆዴ ተነፋ፤ ይህ እንደሚመጣና እንደሚያልፍ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ያልነገሩኝ የሰውን አፍ ነው። «ተመችቶሃል!» «ፊትህ ወዛ!» «ወፈርክ እኮ!» እየተባልኩ መንገድ ላይ በፍቅር ተወጋሁ። እናንተ ከሕመም የተነሣ ሰው ስታገኙ ስለ ሰውነቱ ምንም አትበሉ፤ «ስላየሁህ ደስ አለኝ» ይበቃል።

ከቤተሰብ የጠቀመኝ የእህቴ ዘዴ ነው። «ለምን አትበላም?» ብላ አልጮኸችብኝም። አንድ ምሽት ቡና ስታጥብ ቀና ሳትል «ወንድምዬ፣ ሌሊት ስትነሣ እሰማሃለሁ። ልቆጣህ አይደለም። ብቻህን እንዳትሆን ነው» አለችኝ። ሕክምና ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ለእኔ ለብቻ በሳህን ታቀርብልኛለች፤ በትሪ መብላት የተመለስኩት ቆይቼ ነው። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ካርታ እንጫወታለን፣ ስለ ምግብ ግን አይወራም። ያ አንድ ሰዓት ለእኔ ከባዱ ሰዓት ነበር።

የእናቶችን ነገር ግን መናገር አለብኝ። ለረጅም ጊዜ በጣም ተርቦ የቆየና ያለቀ ልጅ ስታዩ ወዲያው ገንፎ በቅቤ አታስጨንቁት። ክፉኛ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ይወርዳል፣ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ደሙ እየተመረመረ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመገበው።

ጂም ውስጥ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ የሆነ ጓደኛ ነበረኝ። በሩን የሚሞላ ሰው ነው፤ መስታወት ፊት ግን ትንሽ ነኝ ይላል። ለቅሶ ቤት የተቀቀለ እንቁላልና ሩዝ በዕቃ ይዞ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ሰዓቱን አይቶ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ስንስቅበት እንኳ አላፈረም። ክንዱ ሲያመው አያርፍም። ጡንቻ አነሰኝ የሚለው ይኼ ጭንቀት የታወቀ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። ስቴሮይድ ወደሚባለው የጡንቻ ማሳደጊያ መርፌም ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ የዘር ፍሬን ያሟሽሻል፣ መውለድን ሊከለክል ይችላል፣ ልብ ይጎዳል። ይኼም ጉብዝና ተብሎ ነው የሚታለፈው።

አሁን ደህና ነኝ፤ ግን የሚያስቸግሩኝ ቀናት አሉ፤ ሥራ ሲበዛና ምሳ ሲያልፈኝ ሌሊቱ ይጠራኛል፤ ስለዚህ አጎቴ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁን ተረክቦ ያስወጣኛል።

ራሱን እዚህ ውስጥ ያየ ወንድ ካለ፣ ራስ መሳት፣ የልብ መዝለል፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ደም ማስመለስ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ያ ከሌለም ሐዋሳ ከሆንክ ሪፈራል፣ አዳማ ከሆንክ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሂድ፤ ሌላ ቦታ ከሆንክ በአቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ እንዳለው ጠይቅ። ስትገባ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብለህ አትጀምር፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዘህ ነው የምትወጣው። «ምግብ ከበላሁ በኋላ እፈራለሁ፤ የበላሁትን ለማጥፋት የማደርገው ነገር አለ» በል። መናገር ካቃተህ በወረቀት ጽፈህ ስጥ፤ እኔ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ያደረግኩት እሱን ነው፣ የሲሚንቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ። የደም ምርመራ ሲያዙልህም ፖታሲየም እንዲታይልህ ጠይቅ።